ፑዲንጉ ምንድን ነው? ኢሜይሉስ የት ገባ? ከጎንደር ሪሴፕሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ ማረፊያ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። እንግሊዝኛዬ ከባልደረቦቼ ትንሽ ስለሚሻል የቀኔ ግማሽ ለሰው በመተርጎም ያልቃል። አስጎብኚዎች ይጠይቁኛል። የጎረቤት ኬክ ቤት ባለቤት ይጠይቀኛል። ኩሽና ያሉትማ ደወል አድርገውኛል። ከሁሉም በላይ የሚደጋገሙት ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ፈረንጅ ከምግብ በኋላ የሚበላውን ጣፋጭ በስንት ስም እንደሚጠራው ነው። ሌላው «ልኬልህ ነበር» የሚባለው ኢሜይል የት ገብቶ እንደሚቀር ነው። ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እኔን አንድ የከተራ ዕለት ሁለቱም ተባብረው አዋርደውኛል። እሱን ከታች እነግራችኋለሁ።

ዲዘርት፣ ፑዲንግ፣ ስዊት፣ አፍተርስ፤ ሁሉም አንድ ነው እንዴ?

ባጭሩ፣ አዎ። እንግሊዛዊ እራቱን ጨርሶ «ለፑዲንግ ምን አላችሁ?» ካለ ስለ አንድ የተለየ ምግብ አይደለም የሚጠይቀው። «ከምግብ በኋላ የሚጣፍጥ ምን አለ?» ማለቱ ነው። አይስክሬም አለ ብትሉትም፣ ኬክ አለ ብትሉትም፣ የፍራፍሬ ሰላጣ ብትሉትም መልስ ነው። «ስዊት» የሚሉም «አፍተርስ» የሚሉም አሉ። አፍተርስ የቤት ውስጥ ቋንቋ ነው፤ «ከዚያ በኋላ የሚመጣው» እንደማለት። ፑዲንግን አሳጥረው «ፑድ» የሚሉም ይገጥሟችኋል።

አሜሪካዊ ዲዘርት ይላል፤ አለቀ። አውስትራሊያዊ ዲዘርትም ይላል፣ ስዊትስም ይላል። ህንዳዊ እንግዳ «ስዊት ዲሽ» ካላችሁ አትደናገጡ፤ እሱም ያው ዲዘርት ነው።

ዲዘርት የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው። ደሰርቪር ማለት ገበታውን ማንሳት፣ የቀረበውን ማጽዳት ነው። ስለዚህ ዲዘርት ሳህኑ ከተነሳ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። እኛ መሶቡ ሲነሳ ቡና እንደምንለው። እንግሊዝኛ ውስጥ ከገባ 400 ዓመት አልፎታል። የድሮ ሥርዓት የሚጠብቁ እንግሊዞች ዘንድ ደግሞ ዲዘርት ማለት ከፑዲንጉም በኋላ የሚቀርበው ፍራፍሬና ለውዝ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። ቢገጥማችሁ ሙዝ አቅርቡለት።

ታዲያ ፑዲንግ ራሱን የቻለ ምግብ አይደለም?

ምግብም ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፑዲንግ ሲባል አንድ የታወቀ ነገር ነው። ወተት፣ ስኳርና ኮርንፍላወር አንድ ላይ ይፈላል። ቫኒላ ወይም ቸኮሌት ይገባበታል። ሲቀዘቅዝ ይረጋና በማንኪያ ይበላል። አጥሚት ወፈር ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ይመስለዋል።

እንግሊዝ አገር ግን ፑዲንግ ብዙ ዘመድ አለው። በእንፋሎት የሚበስል፣ ከኬክ ከበድ ያለ ጣፋጭ አለ፤ እሱ ፑዲንግ ነው። በወተት የተቀቀለ ሩዝ አለ፤ እሱም ፑዲንግ ነው። ያደረ ዳቦ በወተትና በእንቁላል ተነክሮ ኦቭን ይገባል፤ እሱም። ለገና የሚሠሩት ደግሞ ዘቢብና የደረቀ ፍራፍሬ የጠቀጠቁበት ጥቁር ነገር ነው። ብራንዲ ያፈሱበትና እሳት ይለኩሱበታል፤ ገበታ ላይ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። እዚህ እኛ ቤት ይህን ብናደርግ ዘበኛው ባልዲ ይዞ ይመጣል።

አሁን ደግሞ የማይጣፍጡትን ስሙ። ዮርክሻየር ፑዲንግ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚሠራ፣ ኦቭን ውስጥ የሚነፋ፣ ጨው ያለው ነገር ነው። ከተጠበሰ የበሬ ሥጋ ጋር፣ መረቅ ፈሶበት ነው የሚበላው። ብላክ ፑዲንግማ ይባስ ብሎ ደም ነው። የአሳማ ደም ከሞራና ከእህል ጋር ተቀላቅሎ አንጀት ውስጥ ይሞላና ቁርስ ላይ ይቀርባል። አንድ አስጎብኚ ጓደኛዬ ስሙን ሰምቶ የቸኮሌት ኬክ መስሎት ነበር። ሲነገረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ይህ ሁሉ ግርግር ምንጭ አለው። ብዙ የቃል አጥኚዎች ፑዲንግን «ቡዳን» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ጋር ያያይዙታል። የኛ ቡዳ አይደለም፤ ቋሊማ ማለት ነው። ድሮ ፑዲንግ ሲባል አንጀት ወይም ጨጓራ ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል ነገር ነበር። ቆይቶ በአንጀት ፈንታ በጨርቅ እየጠቀለሉ መቀቀል መጣ። ዱቄቱ፣ ፍራፍሬውና ስኳሩ በዛ። ሥጋው ቀስ በቀስ ወጣ፤ ስሙ ግን ቀረ። ብላክ ፑዲንግ የዱሮው ቤት የቀረ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እንግሊዞች አንድ ስም የማይበቃቸው ለምንድን ነው?

ነገሩ ከምግቡ በላይ የመደብ ጉዳይ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አለን ሮስ የሚባሉ የበርሚንግሃም የቋንቋ ሊቅ፣ እንግሊዛዊ ባላባትን ከሌላው የሚለዩት የትኞቹ ቃላት እንደሆኑ ጽፈው ነበር። የላይኛው መደብ ቃል «ዩ»፣ የሌላው «ኖን-ዩ» ተባለ። በዚያ አከፋፈል «ፑዲንግ» የባላባቱ ነው። «ስዊት» ደግሞ ባላባት ለመምሰል የሚጥረው ሰው ቃል ነው። ለአፍ መጥረጊያውም እንዲሁ ነው። «ናፕኪን» ያለ ባላባት፣ «ሰርቪየት» ያለ ሌላ።

የሚያስቀው ጌጠኛ የሚመስለው ቃል ዝቅ ማለቱ ነው። ኮራ ያለው ሰው ቀላሉን ይመርጣል። ዛሬ ወጣቶቹ ይህን ያህል አይጨነቁበትም፤ ዲዘርት የሚለው በየሬስቶራንታቸው ገብቷል። ግን እድሜያቸው ገፋ ያለ እንግዶች ሲነጋገሩ ጆሮ ስጡ። አሁንም ትሰሙታላችሁ።

ሜኑ ላይ የትኛውን ልጻፍ?

ዲዘርት። ሁሉም ይረዳዋል። በእንግሊዝኛ ስትጽፉት መሃል ላይ ሁለት «ኤስ» አለው። አንዱ ከተጣለ በረሃ ይሆናል። ፒያሳ አንድ ሜኑ ላይ «በረሃ» የሚል ርዕስ ሥር ክሬም ካራሜል ተጽፎ አይቻለሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም።

ሌሎቹስ? ጄሊ፣ ብስኩት፣ ሎሊ…

ከኬክ ቤቱ ጎረቤቴ የሚመጣ ጥያቄ ነው። በየተራ፣ በጥድፊያ እንሂድ።

ለእንግሊዛዊ ጄሊ ማለት ሳህን ላይ የሚንቀጠቀጥ ባለቀለም ጣፋጭ ነው። ለአሜሪካዊ ጄሊ ዳቦ ላይ የሚቀባ፣ የፍሬ ቁርጥራጭ የሌለበት ማርማላታ ነው። ብስኩት እንግሊዝ ውስጥ የኛው ብስኩት ነው፤ አሜሪካዊው «ኩኪ» ይለዋል። አሜሪካዊ «ብስኩት» ካለ ግን ለስላሳ፣ የማይጣፍጥ ትንሽ ዳቦ ነው፤ መረቅ ሊያፈስበትም ይችላል። «ስዊት» በነጠላ ዲዘርት ነው፤ «ስዊትስ» በብዙ ቁጥር እንግሊዝ ውስጥ ከረሜላ ነው። አሜሪካዊው ከረሜላን «ካንዲ»፣ አውስትራሊያዊው «ሎሊ» ይለዋል። ለእንግሊዛዊው ግን ሎሊ እንጨት ያለው ነው። ፍላፕጃክ እንግሊዝ ውስጥ ከአጃ የሚሠራ ጠጣር ጣፋጭ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ፓንኬክ።

የማታለያዎቹ ንጉሥ «ስዊትብሬድ» ነው። ስሙ ጣፋጭ ዳቦ ይላል። ጣፋጭም ዳቦም አይደለም። የጥጃ ወይም የበግ የአንገት ዕጢ ወይም ቆሽት ነው።

ፓቭሎቫ የሚባለውን ደግሞ አውስትራሊያዊና ኒውዚላንዳዊ እንግዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካሉ አታንሱት። ከእንቁላል ነጭና ከስኳር የሚሠራ፣ ክሬምና ፍራፍሬ የሚደረግበት ነው። ስሙን ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም አገር ከጎበኘችው ሩሲያዊት የባሌ ዳንሰኛ ከአና ፓቭሎቫ ነው። ማን ቀድሞ ሠራው የሚለው ጠብ እስከ ዛሬ አልበረደም። የኛ የሰፈር ሰዎች ስለ ጠላ እንደሚከራከሩት ያህል ነው።

ከኢንተርኔት የምግብ አሠራር ለምታወርዱ ሼፎች አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝ አሠራር ላይ «ዲዘርት ማንኪያ» የሚል ልኬት አለ። ወደ 10 ሚሊሊትር ነው፤ ከሻይ ማንኪያ ይበልጣል፣ ከሾርባ ማንኪያ ያንሳል። የሾርባ ማንኪያው በአብዛኛው 15 ሚሊሊትር ነው፣ የአውስትራሊያው ግን 20። ኬኩ ያልተነሳበት ምክንያት ቤኪንግ ፓውደሩ ላይሆን ይችላል።

ከነዚህ ውስጥ የጾም የትኛው ነው? ቪጋን እንግዳስ ምን ላቅርብለት?

አብዛኛው የፈረንጅ ዲዘርት ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ነው። ስለዚህ ሲጀመር የፍስክ ነው በሉት። የሚሸወዱበት ግን ሌላ ነው። ጄሊ የሚረጋው በጄላቲን ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከከብት። ስለዚህ ጄሊ ቀለሙ ቢያምርም የጾም አይደለም። ሙስሊም እንግዶችም ሳይጠይቁ አይበሉትም። የገናው ፑዲንግ በባህሉ የበሬ ሞራ ይገባበታል። ሚንስ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኬክ ደግሞ ስሙ የተፈጨ ሥጋ ይመስላል። ድሮ እውነትም ሥጋ ነበረበት። ዛሬ ዘቢብ፣ ፖምና ቅመም ነው፤ ሞራው ግን በብዙዎቹ ውስጥ አለ።

ቪጋን ማለት ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማይበላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ እኛ ጾም እናውቃለንና አንቸገርም። አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉ። እኛ በጾም ማር እንበላለን። ቪጋን ማር አይበላም። ይህን ሳላውቅ አንዷን እንግዳ ሞቅ ያለ ዳቦ ከማር ጋር በኩራት አቀረብኩላት። ዳቦውን በላች። ማሩን በትህትና ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋችው።

የኛ አገር ዲዘርት የለም ማለት ነው?

ከምግብ በኋላ ጣፋጭ የመብላት ልማድ የለንም። እንጂማ ኬክ ቤት ሞልቶናል። በኔ እምነት ለእንግዳ የሚያስታውሰውን ነገር መስጠት ከፈለጋችሁ ቡና አፍሉ፣ ፈንዲሻ ጨምሩ። ክሬም ካራሜል አገሩም አለው።

«ኢሜይል ልኬልህ ነበር» ይሉኛል። አልደረሰኝም። የት ገባ?

እንግዲህ የከተራዋ ታሪክ እዚህ ላይ ትመጣለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት። ከተማው ጢም ብሎ ሞልቷል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሊወርዱ ነው፤ ፒያሳ መኪና አይንቀሳቀስም። ከእንግሊዝ የመጡ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን እየጎተቱ በእግር ደረሱ። ባልየው ሚስታቸው ወደ ክፍል እስኪወጡ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ዴስኩ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «ኢሜይሌ ደርሶሃል አይደል?» አሉኝ። አልደረሰኝም። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልከዋል። አድራሻው ልክ ነው። አንዲት ፊደል አልተሳሳቱም።

ስፓሙን፣ ማለትም ኢሜይሉ አይፈለጌ ያለውን ደብዳቤ የሚጥልበትን ሳጥን ከፈትኩት። እዚያ ተኝቷል። ከላዩ «አንድ ሚሊዮን ዶላር ደርሶሃል» የሚል አለ። ከሥሩ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ አለ። የሳቸው ደብዳቤ መሃል ላይ ነው። በጥድፊያ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አነበብኩ። «በ18 ማታ ለፑዲንግ ምን ይኖራችኋል?» ትላለች። 18 ያሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ማለት ነው። ወደ ኩሽና ሮጥኩ። «እማማ፣ ፑዲንግ ይፈልጋሉ!»

እማማ የምንላቸው ዋና ሼፋችንን ነው። ፑዲንግን ከድሮ ሥልጠናቸው ያውቁታል፤ የአሜሪካውን። ወተት ጣዱ። ኮርንፍላወሩን በቀዝቃዛ ወተት በጠበጡ። እያማሰሉ ጨመሩት። ቀኑ ግን ገሃድ ነው፣ ጾም ነው። መቅመስ አይችሉም። ሙስሊም አስተናጋጃችንን ጠሩና በማንኪያ አቀመሱት። «ስኳር ያንሰዋል?» «ትንሽ ያንሰዋል እማማ።» ጨመሩ። በብርጭቆ ተከፋፍሎ ፍሪጅ ገባ።

ማታ አቀረብን። ባልና ሚስቱ አዩት፣ ተያዩ። በጨዋ ደንብ በሉ፣ አመሰገኑ። እኔም ኮራሁ። እነሱ ከተኙ በኋላ ኢሜይሉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሰውየው የጠየቁት ምንም ይሁን ምን አንድ የሚጣፍጥ ነገር ነው። ሁለተኛዋ መስመር ደግሞ «የባለቤቴ 60ኛ ልደት ነው፤ ሻማ የሚሰካበት ነገር ቢሆን ደስ ይለኛል» ትላለች። በረጋ ወተት ላይ ሻማ አይቆምም።

ስለዚህ የት ገባ ስትሉ፣ መጀመሪያ ስፓም እዩ። ስልክ ላይ ጂሜይልን ክፈቱ፣ ከላይ በግራ ያሉትን ሦስት መስመሮች ንኩ፣ ወደ ታች ውረዱ። ስፓም ወይም አይፈለጌ የሚል ታገኛላችሁ። አውትሉክ «ጀንክ» ይለዋል። ያገኛችሁትን ክፈቱና «ስፓም አይደለም» የሚለውን ንኩ፤ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ማጣሪያውም ይማራል። ጂሜይል ላይ ስፓም ውስጥ የገባ ነገር 30 ቀን ሲሞላው ራሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። በተለመደው ፍለጋ የእንግዳውን ስም ብትፈልጉ ስፓም ውስጥ ያለውን አያሳያችሁም። «ፈልጌ አጣሁት» ማለት አልመጣም ማለት አይደለም።

ስፓም ውስጥ ከሌለ «ፕሮሞሽን» የሚለውን ክፍል እዩ። እዚያም ከሌለ ስቶሬጁን ተመልከቱ። የጎግል ነጻ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው። ኢሜይሉ፣ ድራይቩና ፎቶው ይጋሩታል። የጥምቀት ቪዲዮ በሙሉ ወደዚያ ከሄደ ይሞላል። ሲሞላ አዲስ ኢሜይል አይገባም፤ ለላኪው ተመልሶ ይሄድበታል።

ለመሆኑ ለምን «ስፓም» ተባለ?

ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ስፓም ምግብ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ሆርሜል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የቆርቆሮ ሥጋ ነው፤ የአሳማ። በ1970 እ.ኤ.አ. ሞንቲ ፓይተን የሚባሉት የእንግሊዝ ኮሜዲያን በቴሌቪዥን አንድ ቀልድ አቀረቡ። ምግብ ቤት ነው። ሜኑው ላይ ያለው ሁሉ ስፓም አለበት። እንቁላል ከስፓም ጋር፣ ቋሊማ ከስፓም ጋር፣ ስፓም ከስፓም ጋር። ሰው መነጋገር እስኪያቅተው ድረስ ቃሉ ይደጋገማል። በኋላ የኮምፒውተር ሰዎች ያልተጠራና የሚደጋገም መልእክትን በዚያ ስም ጠሩት። አማርኛው «አይፈለጌ» ማለቱ ከእንግሊዝኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ሲነበብ ራሱ ይናገራል።

የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠራው የጅምላ ማስታወቂያ ስሙ ሳይወጣ በፊት ነው የተላከው። በግንቦት 1978 እ.ኤ.አ. ጋሪ ቱርክ የሚባል የኮምፒውተር ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ላከ። ተቆጡት። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ1994ቱ ነው። ሁለት የአሪዞና ጠበቆች፣ ባልና ሚስት፣ ዩዝኔት የሚባለውን የመወያያ መረብ በሺህ በሚቆጠሩ ቦታዎች በአንድ ማስታወቂያ አጥለቀለቁት። ማስታወቂያው ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ። ዲቪ! ያን ጊዜ ጎንደር ኢንተርኔት አልነበረም እንጂ መልስ የሚሰጥ አይጠፋም ነበር።

ማጣሪያው ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ይለያል?

እንደ በር ዘበኛ አስቡት። ሰውየውን አያውቀውም። ልብሱን፣ አካሄዱን፣ ከየት እንደመጣ ያያል።

ቃላቱን ይቆጥራል። አንድ ቃል በአጭበርባሪ ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በጤናማ ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ያወዳድራል። ከዚያ የዚህኛውን ደብዳቤ ነጥብ ይደምራል። ደብዳቤውን የላከውን ኮምፒውተር (ሰርቨር) ታሪክ ያያል። ላኪው ነኝ ያለውን መሆኑን ያረጋግጣል። ሰዎች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉም ይከታተላል።

የድሮዎቹ ማጣሪያዎች ሞኝ ነበሩ። ፊደል ብቻ ያያሉ። በእንግሊዝኛ «ስፔሻሊስት» የሚለው ቃል ሆዱ ውስጥ የአንድ የወንዶች መድኃኒት ስም አለ። በዚህ የተነሳ የምስኪን ሐኪም ደብዳቤ ተጥሎ ይቀር ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስካንቶርፕ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነዋሪዎች አሜሪካን ኦንላይን የሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ መመዝገብ አቃታቸው። የከተማቸው ስም መሃል ላይ የስድብ ቃል ተደብቋል። ሰው በአገሩ ስም ሲከለከል!

የዛሬው ብልህ ነው፤ ግን ከናንተም ይማራል። እዚህ ላይ ነው የኛ ቤት ጥፋት። ኢሜይሉን ለሦስት ነው የምንጋራው። አንዱ ተረኛ ባልደረባዬ ኢንቦክሱ ሲሞላ «ማጽዳት» ይወዳል። ማጥፋት ሲገባው ግን «ስፓም ነው» የሚለውን ቁልፍ ነበር የሚነካው። ወራቱን ሙሉ። ማሽኑ ምን ያድርግ? እነዚህ ሰዎች የቦታ ማስያዣ ደብዳቤ አይፈልጉም ብሎ ደመደመ። ልጁን አልተቆጣሁትም። ቁልፎቹ ጎን ለጎን ናቸው።

የኔ መልስ እንግዳው ጋ ስፓም ውስጥ ይገባል። ምን ላድርግ?

አንድ ጊዜ የራሳችሁን ደብዳቤ እንደ ባዕድ አንብቡት። ርዕሱ «ሃይ» ይላል። ውስጡ «አስቸኳይ»፣ «ቅድሚያ ክፍያ»፣ «የባንክ ትራንስፈር» ይላል። ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው። መጨረሻው ላይ ሊንክ አለ። ይህ በሙሉ አጭበርባሪ የሚጽፈው ነው። እኛ ቀብድ ለመጠየቅ ብለን የሌባ ልብስ ለብሰን በሩ ላይ እንቆማለን።

ርዕሱ ላይ የእንግዳውን የመምጫ ቀንና «ጎንደር» የሚለውን ጻፉ። ስለ ገንዘብ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ተራ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግዳው አንዴ ከመለሰላችሁ በኋላ በር የሚዘጋባችሁ ጥቂት ነው። አዲስ ደብዳቤ ከመክፈት ይልቅ እሱ በላከው ላይ መልሱ። ሜኑውን በፎቶ አትላኩ፤ ጻፉት። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ ማያያዣ አይወስድም። የሚቻል ከሆነ አድራሻችሁን ኮንታክት ውስጥ እንዲያስገባ ጠይቁት።

በራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም ከ@ በኋላ የቤታችሁ ስም ባለበት አድራሻ የምትልኩ ከሆነ ድረ ገጹን የሠራላችሁን ልጅ «ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ተስተካክለዋል ወይ?» በሉት። ደብዳቤው እውነት ከናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡ ማኅተሞች ናቸው። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎግል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክን ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟላ ያስገድዳል። እናንተ 5,000 አትልኩም። ቢሆንም ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይከበራል። ልጁ ቃላቱን ካላወቃቸው ሌላ ልጅ ፈልጉ።

ስፓም ውስጥ ያለውን ሁሉ ልክፈተው?

ኧረ በፍጹም! ስሙንና ርዕሱን ብቻ አንብቡ። የምታውቁት ከሆነ አውጡት። ሊንክ አትንኩ፣ ማያያዣ አታውርዱ። በተለይ «ዲቪ ደርሶሃል» የሚል ከሆነ። የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ ለደረሰው ሰው በኢሜይል አያበስርም። ውጤቱን ሰውየው ራሱ ነው በማረጋገጫ ቁጥሩ ኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የሚያየው። የአክስቴ ልጅ ይህን ነግሬው፣ ተጣልቶኝ፣ ተመልሶ አምኖኛል።

ለምን በዋትስአፕ ብቻ አንጻጻፍም?

እኛ አሁን ሁለቱንም ነው የምናደርገው። ኢሜይል እንልካለን፤ ከዚያ «ልከናል፣ ካላዩት ስፓም ይመልከቱ» የሚል አጭር መልእክት በዋትስአፕ። ኢሜይሉን አልተውነውም፤ ዋጋና ቀን ተጽፎ የሚገኝበት እሱ ነው። በተጨማሪም ሪሴፕሽን ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈናል። ጠዋት የገባ ተረኛ መጀመሪያ ስፓም ያያል። ከሥሩ በእማማ ትእዛዝ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ኢሜይል እስከ መጨረሻው ይነበባል።»

ያ ልደት ታዲያ ምን ሆነ?

በማግስቱ ጥምቀት ነው። ኬክ ቤቶቹ ዝግ ናቸው። ለጎረቤታችን ደወልኩ፤ ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ነው፣ ከጀርባው እልልታው ይሰማል። እማማ ዝም ብለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ለበዓሉ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ ግማሹን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። በሰፊው ቆረስን፣ ማር አፈሰስንበት። ሻማም የለም። መብራት ሲጠፋ የምናበራውን ወፍራሙን ሻማ ለሁለት ቆርጠን መሃሉ ላይ ተከልነው።

ሴትየዋ ሲያዩት አፋቸውን ያዙ። ቆርሰው ቀመሱ፣ እንደገና ቆረሱ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረው አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አሉኝ እማማ።

«ፑዲንጉ ግሩም ነው አሉ።»

እማማ ዳቦውን አዩት። «ይሄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፑዲንግ የሆነው?»